«ለምን?» ስትሉት የሚመልስላችሁን ምረጡ፦ ስለ ሲሙሌሽን ሶፍትዌር የተደረገ ንግግር

(ለወጣት ኢንጂነሮች ስብስብ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከአፌ እንደወጣ ነው የጻፍኩት። የደጋገምኩትንም አልቆረጥኩም።)

እንደምን አመሻችሁ?

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ ፈረቃችሁን ጨርሳችሁ ከፋብሪካ በቀጥታ የመጣችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ጭንቀት ውስጥ ያላችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ካልተሰማ እጅ አውጡ፣ እጮሃለሁ። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው መጮህ አይቸግረውም።

የተሰጠኝ ርዕስ «ለኢንዱስትሪ የሚሆን የሲሙሌሽን ሶፍትዌር እንዴት እንምረጥ» የሚል ነው። ወደዚህ ስመጣ አንድ ወዳጄ ታክሲ ውስጥ «ምን ያስጨንቅሃል፣ የምርጡን ስም ንገራቸውና ውረድ» አለኝ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ምርጡ የታወቀ ነው፣ ማግኘቱ ነው እንጂ ከባዱ እል ነበር።

ከሌላ ሙያ ለመጣችሁ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሲሙሌሽን ማለት ፋብሪካውን ሳይነኩ ኮምፒውተር ውስጥ ማስሮጥ ነው። አንድ ማሽን ብጨምር ምን ይሆናል? ሁለተኛ ፈረቃ ብከፍትስ? ማሽኑን ሳትገዙ፣ ሰው ሳትቀጥሩ ቀድማችሁ ታያላችሁ። በቃ ይኸው ነው።

ዛሬ ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ጥያቄያችሁ ምን ዓይነት ነው? ሁለተኛ፣ ሶፍትዌሩ ሲሳሳት ይናገራል ወይስ ዝም ይላል? ሦስተኛ፣ እናንተ ስትሄዱ ማን ይከፍተዋል? ከዚያ በፊት ግን አንድ ውርደቴን ልንገራችሁ።

የልብስ ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራም። ቲሸርት ይሰፋል። ችግሩ መተኮሻ ክፍል ጋ ነበር። የተሰፋው ልብስ እዚያ ይከመራል። ከሰዓት በኋላ ክምሩ የሰው ወገብ ይደርሳል። የስፌት ላይኖቹ ታርጌታቸውን ይመታሉ። ካርቶን ውስጥ የሚገባው ግን ይጎድላል። ኮንቴይነር ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ማኔጀሩ ጠራኝና «ካውያ ልጨምር ወይስ ሰው?» አለኝ።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ 2 ዓመቴ ነው። በዚያው ሰሞን የአንድ ሶፍትዌር የሙከራ ቅጂ አግኝቼ ነበር። ሁሉንም ነገር በሦስት ዳይሜንሽን ያሳያል። ሰው ይራመዳል፣ ጋሪ ይገፋል፣ ልብስ ይከመራል። ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ ሠራሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ከሦስቱ ሳምንት ሁለቱ ያለቀው ግድግዳ ቀለም በመቀባት ነው። የሠራተኞቹን ሽርጥ ልክ እንደ ፋብሪካው ሰማያዊ አደረግሁት። የበሩን ምልክት እንኳ አልረሳሁም።

የስብሰባው ቀን ፕሮጀክተር ተከፈተ። ሰው ሁሉ አፉን ከፈተ። ሞዴሉ ምን አለ? መተኮሻ ክፍሉ ይበቃል አለ። ካውያም አይጎድል፣ ሰውም አይጎድል።

የመተኮሻ ክፍሉ ኃላፊ ከኋላ ተቀምጠዋል። ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ጥሩ ፊልም ነው» አሉ። «እዚህ ፊልም ላይ ግን መብራት አይጠፋም እንዴ?»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። እኔ ደረቴን ነፍቼ «ይጠፋል እንጂ እትዬ፣ አስገብቼዋለሁ። 10 በመቶ ቀንሻለሁ» አልኩ።

«ከምኑ ላይ?»

«ከሁሉም ላይ።»

«ከሁሉም» አሉና ዝም አሉ። የሰደቡኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ምን እንዳጠፋሁ ግን አልገባኝም።

በማግስቱ መተኮሻ ክፍል ሄጄ አብሬያቸው ቆምኩ። እንደ ዕድል ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሳ። ስፌቱ ቀጠለ። መተኮሻው ግን ቆመ። ለምን? ለካውያው እንፋሎት የሚያመነጨው ቦይለር የኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ኃይል ስለሚበላ ጄኔሬተሩ ላይ አልተያያዘም። እንፋሎት ከሌለ ካውያው ብረት ነው። ስፌቱ እየሰፋ፣ እየሰፋ፣ እየሰፋ ይልካል። መተኮሻው እጁን አጣጥፎ ይቀበላል። መብራት ከመጣ በኋላም ቦይለሩ ውሃውን አሙቆ ግፊት እስኪይዝ ሌላ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

እኔ ምን አድርጌ ነበር? ያንን 10 በመቶ እንደ ጨው በሁሉም ላይ እኩል ነስንሼው ነበር። በእኔ ሞዴል መተኮሻው ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ ያዘግማል። በእውነተኛው ፋብሪካ አንድ ሰዓት ተኩል ድርቅ ብሎ ይቆማል። በአማካይ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። አማካይ ግን ልብስ አይተኩስም።

እዚህች ጋ ትንሽ ልቆይ። ነገሩ ካልገባን የሶፍትዌር ምርጫ ወሬ ሁሉ ከንቱ ነው።

ማታ መገናኛ ታክሲ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ ማን የማያውቅ አለ! እንበልና ታክሲው በአማካይ በየ5 ደቂቃው ይመጣል። ቦታም አይጠፋም እንበል፣ ለሂሳቡ ያህል ነው። እናንተ በፈለጋችሁት ሰዓት ትደርሳላችሁ። በአማካይ ስንት ደቂቃ ትጠብቃላችሁ? «ሁለት ተኩል» ያላችሁ አላችሁ። ትክክል፣ ታክሲው እንደ ሰዓት ቆጣሪ ልክ በየ5 ደቂቃው ከመጣ። ነገር ግን በዘፈቀደ ቢመጣስ? ሦስቱ ተከታትለው መጥተው ከዚያ ረጅም ጸጥታ ቢሆንስ? ያኔ አማካይ ጥበቃችሁ 5 ደቂቃ ነው። እጥፍ! ምክንያቱም የመድረሻ ሰዓታችሁ የሚገጥመው አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ክፍተት ነው። አጭሩን ክፍተት የሚያገኘው ዕድለኛ ጥቂት ነው። የታክሲው ብዛት አልተለወጠም። አማካዩም አልተለወጠም። ጥበቃው ግን እጥፍ ሆነ።

አሁን አንድ የባንክ መስኮት እንውሰድ። ገንዘብ ከፋዩ አንድ ደንበኛ ለማስተናገድ በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጅበታል። ሰው የሚመጣበትም፣ የሚስተናገድበትም ጊዜ እንደ ታክሲው በዘፈቀደ ይለዋወጣል። ከፋዩ ከሰዓቱ 80 በመቶው በሥራ ከተያዘ፣ ደንበኛው መስኮቱ ጋ እስኪደርስ በአማካይ 12 ደቂቃ ይሰለፋል። 90 በመቶው ከተያዘ 27 ደቂቃ። 95 በመቶው ከተያዘስ? 57 ደቂቃ። አያችሁት እንዴት እንደሚፈነዳ? ከ90 ወደ 95 ስንሄድ የጨመርነው 5 በመቶ ሥራ ነው። ሰልፉ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። በአማካይ ብቻ የሚሠራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ግን «ከፋዩ ትርፍ ጊዜ አለው፣ ሰልፍ የለም» ይላችኋል። ይህን የሰልፍ ሂሳብ የጀመረው አግነር ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ ነው። ኮፐንሃገን ውስጥ የስልክ መስመር ስንት ይበቃል ብሎ ነው በ1909 የመጀመሪያ ጽሑፉን ያወጣው። ፋብሪካችን ውስጥ ያለውን ክምር ያሰላው እሱ የስልክ መስመር ሲቆጥር ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሲሙሌሽን የሚያስፈልገን ለመለዋወጥ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ማሽን ሲበላሽ፣ ጨርቅ ሲዘገይ የሚሆነውን ለማየት ነው። ለፊልም አይደለም። ለፊልም አይደለም! ለፊልም ከሆነ ቀለም መቀባቱን እኔ አስተምራችኋለሁ፣ ጎበዝ ነኝ።

ወደ ነጥቦቼ ልመለስ። አንደኛው፣ ጥያቄያችሁ ምን ዓይነት ነው?

በዚህ ሙያ ሦስት ሰፈር አለ። የመጀመሪያው ክስተት በክስተት የሚሄደው ነው፣ ዲስክሪት ኢቨንት ይሉታል። እዚህ ሰዓቱ አይቆጥርም፣ ይዘላል። ደንበኛ ገባ፣ አገልግሎት ጀመረ፣ ጨረሰ፣ ወጣ። በመካከሉ ምንም ካልተፈጠረ ኮምፒውተሩ ጊዜውን ዘሎት ያልፋል። የስፌት ላይን፣ የሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ኮንቴይነር የሚጠብቅ ከባድ መኪና፣ ሁሉም እዚህ ሰፈር ናቸው። ወረፋ ካለ እዚህ ነው የምትገቡት። ከእናንተ ከአሥሩ ስምንቱ ጥያቄው እዚህ ይወድቃል ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

ሁለተኛው ሰፈር ሲስተም ዳይናሚክስ ነው። እዚህ አንዱን ልብስ፣ አንዱን ሰው አትከተሉም። እንደ ጋን ውሃ ነው የምታዩት። ምን ያህል ገባ፣ ምን ያህል ወጣ፣ ጋኑ ሲሞላ መግቢያው ይጠባል ወይ? ያመጣው ጄይ ፎሬስተር ነው፣ ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1950ዎቹ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች ግራ ገብቷቸው ነበር። ኬንታኪ ያለው ፋብሪካቸው አንዴ ሰው ይቀጥራል፣ አንዴ ያባርራል፣ በየ3 ዓመቱ እንደ ማዕበል። የገበያ ጉዳይ ነው ይሉ ነበር። ፎሬስተር ምን አደረገ? ኮምፒውተር አልከፈተም። እርሳስና ደብተር ይዞ በየሳምንቱ ስንት ትእዛዝ መጣ፣ ስንት ሰው ተቀጠረ እያለ በእጁ አሰላው። ማዕበሉ ከውስጥ፣ ከራሳቸው የቅጥር ውሳኔ እንደሚመጣ አሳያቸው። በደብተር! ይህን ደብተር አትርሱት፣ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው ሰፈር እያንዳንዱ ሰው ወይም መኪና የራሱ ጠባይ ያለው ነው። ኤጀንት ቤዝድ ይባላል። ገበያ ውስጥ ሰው እንዴት ይገፋፋል፣ ሹፌር የትኛውን መንገድ ይመርጣል፣ ወረርሽኝ እንዴት ይዛመታል። ጥሩ ነው። ግን ለአንድ ቲሸርት ላይን ይህን መክፈት ለአንድ ሲኒ ቡና በርሜል ውሃ መጣድ ነው።

ወደ ሶፍትዌሮቹ ስም እንምጣ። ኤኒሎጂክ የሚባለው ሦስቱንም በአንድ ላይ ይይዛል፣ ጥያቄያችሁ ከተቀላቀለ እሱን እዩት። አሬና፣ ሲሚዮ፣ ፍሌክስሲም፣ የሲመንሱ ፕላንት ሲሙሌሽን በዋናነት የመጀመሪያው ሰፈር ልጆች ናቸው። ቬንሲምና ስቴላ የሁለተኛው። ተማሪዎች አሬናን ታውቁታላችሁ፣ እኛ አገር ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ የተማረ ሰው ያልነካው የለም ማለት ይቻላል። አሬና የተገነባው ሲማን በሚባል ቋንቋ ላይ ነው። ሲማንን የሠራው ዴኒስ ፔግደን ነው። ያው ሰውዬ በኋላ ሲሚዮን መሠረተ። ስለዚህ የሁለቱ ደጋፊዎች ሲከራከሩ ስሰማ የአንድ አባት ልጆች ጸብ ይመስለኛል።

ፕሮግራም የምትጽፉም እዚህ አላችሁ አይደል? ክላስ፣ ኦብጀክት የምትሉት ነገር ከየት መጣ? ከሲሙሌሽን ነው። በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ዳልና ኒጎርድ የሚባሉ ሁለት ኖርዌያውያን መርከብና ወረፋ የመሰለ ነገር ኮምፒውተር ውስጥ ለማስመሰል ሲሙላ የሚባል ቋንቋ ሠሩ። ሲ ፕላስ ፕላስም ጃቫም የእሱ ዘር ናቸው። በሉ ይህችን እንደ ምርቃት ያዟት።

ሁለተኛው ነጥብ። ዛሬ ምንም ባትይዙ ይህን ያዙ። ሶፍትዌሩ ሲሳሳት ይናገራል ወይ?

አዲስ ሶፍትዌር ሳይ የማደርገው ፈተና አለኝ። የባንኩን መስኮት ነው የምሠራበት። ደንበኛ በአማካይ በየ3.75 ደቂቃ ይመጣል፣ አገልግሎቱ በአማካይ 3 ደቂቃ ነው፣ ሁለቱም ኤክስፖኔንሺያል የሚባለውን ስርጭት ይከተላሉ፣ ማለትም አብዛኛው ጊዜ አጭር፣ አልፎ አልፎ ረጅም ነው። መልሱን በቀመር አውቀዋለሁ፣ ቅድም ነግሬያችኋለሁ። 12 ደቂቃ። የትኛውም ሶፍትዌር፣ ይወደድ ይርከስ፣ 12 ማምጣት አለበት።

ሞክሩት። በመጀመሪያው ሙከራ አይመጣላችሁም! አንድ ቀን ብቻ ካስሮጣችሁት 7 ሊል ይችላል፣ 20 ሊል ይችላል። ለምን? ባንኩ ጠዋት ሲከፈት ባዶ ነው፣ ሰልፉ እስኪለመልም ጊዜ ይፈልጋል። ደግሞ አንድ ቀን አንድ ቀን ነው፣ ዕድል አለበት። ስለዚህ የማሟሟቂያውን ጊዜ ቆርጦ መጣልና ብዙ ቀን መደጋገም ያስፈልጋል። አሁን ሶፍትዌሩን ተመልከቱት። ማሟሟቂያ እንድትቆርጡ ቀላል ያደርግላችኋል? መቶ ጊዜ ደግሞ አማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ያሳያል? ወይስ አንድ ቀን አስሩጦ አንድ ቁጥር በደማቅ ቀለም ጽፎ ይሰጣችኋል? ያ ደማቅ ቁጥር አደገኛ ነው። ማኔጀር የሚወደው ደግሞ እሱን ነው።

ሌላ ወጥመድ። አሬና ውስጥ ኤክስፖኔንሺያል ስትጽፉ የምትሰጡት አማካዩን ነው፣ 3.75። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን፣ አብሮት በሚመጣው ራንደም በሚሉት ክፍል፣ የሚጠይቃችሁ ፍጥነቱን ነው፣ ማለትም 1 ሲካፈል ለ3.75። ኤኒሎጂክም እንደዚያው። አንድ ልጅ ከአሬና ወደ ፓይተን ተሻግሮ ሁለቱንም ቁጥር እንዳሉ ጻፋቸው። ምን ሆነ? 3.75 እና 3 ተገለበጡ። ደንበኛው ከአገልግሎቱ ፈጥኖ መምጣት ጀመረ። ሰልፉ ማደጉን አላቆም አለ። ኮምፒውተሩ ምንም አላለም፣ ምክንያቱም በእሱ ቤት ምንም ስህተት የለም። መልሱን ቀድሞ ባያውቅ ኖሮ «ባንኩ ተጨማሪ አምስት መስኮት ያስፈልገዋል» ብሎ ሪፖርት ይጽፍ ነበር።

ሦስተኛ ወጥመድ ልጨምር፣ ይህቺ ደስ ትለኛለች። ብዙ ሰው የሥራ ጊዜን በኖርማል ስርጭት፣ ማለትም በአማካዩ ግራና ቀኝ እኩል በሚበተነው፣ ይሞላል። አማካይ 2 ደቂቃ፣ ልዩነት 1 ደቂቃ። ጥሩ ይመስላል። ግን በዚህ ስርጭት ከመቶ ሁለት ጊዜ ያህል ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወጣል። ከዜሮ በታች የሚፈጅ ሥራ ምንድን ነው? ልብሱ ሳይሰፋ አልቋል ማለት ነው! ሲምፓይ የሚባለው የፓይተን መሣሪያ እዚህ ጋ ይቆማል። «አሉታዊ ጊዜ ሰጥተኸኛል» ብሎ ስህተት ያወጣል። ሌላው ዜሮ አድርጎት ዝም ብሎ ይቀጥላል። የትኛው ይሻላችኋል? የሚቆመው ያናድዳል። እኔ ግን የሚያናድደውን እመርጣለሁ።

አንድ ተማሪ መመረቂያ ሥራውን እንዳይለት መጣ። የስፌት ላይን መጨናነቅ ነው የሚያጠናው። የሚጠቀመው አሬና ለተማሪ በነጻ የሚሰጠውን ቅጂ ነው። ያ ቅጂ በአንድ ጊዜ ሞዴሉ ውስጥ ከ150 በላይ ኢንቲቲ፣ ማለትም ሞዴሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ልብስ ወይም ደንበኛ፣ ሲኖር ይቆማል። በነጻ ነው፣ ገደብ ቢኖረው አይገርምም።

«ሞዴሉ እየቆመ አስቸግሮኝ ነበር፣ አሁን አስተካከልኩት» አለኝ።

«እንዴት አስተካከልከው?»

«ወደ ላይኑ የሚገባውን ሥራ ቀነስኩት። አሁን አይቆምም።»

«ወረፋውስ?»

«ወረፋ የለም ጋሼ! ላይኑ ጥሩ ነው ይላል።»

ወረፋ ሊያጠና ሄዶ ወረፋውን አጠፋው። አትሳቁበት፣ እኔ የግድግዳ ቀለም የቀባሁ ሰው ነኝ። ሞዴሉ የቆመው ለምን ነበር? ላይኑ ስለተጨናነቀ! የሚፈልገው ግኝት በስህተት መልእክት መልክ መጥቶለት ነበር። መፍትሔው ቀላል ነው። ፋብሪካ ውስጥ ልብስ አንድ በአንድ አይሄድም፣ በባንድል ታስሮ ነው የሚሄደው። አንድ ኢንቲቲ አንድ ባንድል ይሁን፣ 20 ቁራጭ። ገደቡም አይነካህ፣ ሞዴሉም ይበልጥ ፋብሪካውን ይመስላል። እንደዚያ አድርጎ ተመርቋል።

ስለዚህ ሻጭ መጥቶ ሲያሳያችሁ «ምን ይችላል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉንም ይችላል ነው የሚላችሁ። እንዲህ በሉት፦ «ይህ ባንድል 9 ሰዓት ላይ እዚህ የቆመው ለምንድን ነው? አሳየኝ።» አንዱን ባንድል ከመግቢያ እስከ መውጫ በሰዓት ተከታትሎ ማሳየት ከቻለ፣ ዝርዝሩን አውጥታችሁ ማንበብ ከቻላችሁ፣ ሶፍትዌሩ ይነጋገራል። «ይቅርታ፣ እሱ ከውስጥ ነው የሚሰላው» ካለ፣ ዱዳ ነው። የእኔ የቀለም ሶፍትዌር፣ ሐቁን ለመናገር፣ ሊመልስልኝ ይችል ነበር። እኔ ነኝ መጠየቅ ያልተማርኩት።

ሦስተኛው ነጥብ፣ እናንተ ስትሄዱ ማን ይከፍተዋል?

አንድ ሌላ ድርጅት ውስጥ ጥሩ ሞዴል ነበረ። ዓመት የተደከመበት። ላይሰንሱ ፍላሽ የምታክል ቁልፍ ላይ ነው። ቁልፉን የሚይዘው አንድ ጎበዝ ልጅ ነው። ልጁ ካናዳ ሄደ። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ፣ ጊዜው አልፎበታል። ለማሳደስ ዶላር፣ ለዶላር ደግሞ የባንክ ወረፋ። ሞዴሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አለ፣ ግን አይከፈትም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ዶላሩን ካነሳን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ታስታውሳላችሁ። የውጭ ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀ ዕለት። አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዓመታዊ ክፍያ ያለው ሶፍትዌር የገዛ ፋብሪካ ያንኑ ሶፍትዌር በእጥፍ ብር ነው ያደሰው። ወይም አላደሰውም። ሶፍትዌር ስትመርጡ የዛሬውን ዋጋ ብቻ አትዩ። አንዴ ተከፍሎ የሚቀር ነው ወይስ በየዓመቱ? ክፍያው ቢቋረጥ ሞዴሉን ቢያንስ ከፍቶ ማየት ይቻላል? ይህን በጽሑፍ አስመልሷቸው።

ነጻ የሆኑም አሉ። ሲምፓይ አለ፣ ፓይተን ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት ቢቋረጥ ግድ የለውም። ፊልም የለውም፣ ጽሑፍ ነው። ጃምሲም አለ፣ ካናዳ ያሉ ኢንጂነሮች ሠርተው በነጻ የለቀቁት ነው፣ እየጎተታችሁ ትገነባላችሁ፣ ሦስት ዳይሜንሽንም አለው። ኤኒሎጂክም ለመማሪያ ብቻ የሚሆን ነጻ ቅጂ አለው። ለመማሪያ ብቻ ማለት ለፋብሪካ ሥራ አይሆንም ማለት ነው፣ ላይሰንሱን አንብቡ።

ነጻው ሁልጊዜ ይሻላል እያልኩ ግን አይደለም። እንዳትሳሳቱ። ፋብሪካችሁ ረጃጅም ኮንቬየር፣ ራሱን የሚነዳ ጋሪ፣ ባለ ብዙ ፎቅ መጋዘን ካለው እነ ፍሌክስሲምና ፕላንት ሲሙሌሽን የተዘጋጀ ነገር አላቸው። ያንን በሲምፓይ ከባዶ ልጻፍ ያለ ሰው ገና ኮንቬየሩን ሳይጨርስ ፀጉሩ ይሸብታል። ገንዘቡ ካለ፣ ሰውም ካለ ግዙ። ሰው ስል አንድ አይደለም። ቢያንስ ሁለት፣ አንዱ ካናዳ ሲሄድ አንዱ እንዲቀር።

ወደ እትዬ ልመለስ። ደብተሩን አልረሳሁትም።

መተኮሻ ክፍል በቆምኩበት ቀን እትዬ ከሽርጣቸው ኪስ ደብተር አወጡ። መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ የመጣበት ሰዓት፣ እንፋሎት የያዘበት ሰዓት፣ ቀን በቀን። «የሰው ደመወዝ ሲቆረጥ እንዳሳይ ብዬ ነው» አሉኝ። ታርጌት አልመታችሁም ተብሎ ጉርሻ ሲከለከል መከራከሪያቸው ነው። እኔ ሁለት ሳምንት ስቀባ የሰነበትኩት ግድግዳ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ የሁለት ዓመት ዳታ ኪስ ውስጥ ነበር። ሶፍትዌሬ አልጠየቃቸውም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ያንን ደብተር ኤክሴል ላይ ገለበጥኩት። ሞዴሉን በፓይተን እንደገና ጻፍኩት፣ ሥዕል የለው፣ ምን የለው፣ ሁለት መቶ መስመር የማይሞላ። በአማካይ ፋንታ ከደብተሩ ላይ እውነተኛ መቋረጦችን እያነሳ ያስገባል። ውጤቱን ወረቀት ላይ አትሜ ወሰድኩላቸው። ሰዓትና የክምር ቁጥር ብቻ ነው። መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ከቀኑ 7 ሰዓት ይህን ያህል፣ 8 ሰዓት ይህን ያህል፣ 9 ሰዓት ይህን ያህል። ከዚያ ቀና ብለው «ይሄ የእኛ ማክሰኞ ነው» አሉኝ።

ከዚያ የማኔጀሩን ጥያቄ አስገባሁ። ካውያ ብንጨምር? ምንም የለም፣ እንፋሎት በሌለበት ተጨማሪ ብረት ነው። ሰው ብንጨምር? እጁን የሚያጣጥፍ ሰው በዛ። ትንሽ በናፍጣ የሚሠራ ቦይለር ብናስገባስ? ክምሩ ከወገብ ወደ ጉልበት ወረደ፣ በወረቀት ላይ። ማኔጀሩ ሁለት ሳምንት አሰበበትና ቦይለሩን ገዛ። ፋብሪካው ላይ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ቀረ። ለምን ከፍ እንዳለ? ናፍጣ የጠፋባቸው ቀናት ሞዴሉ ውስጥ አልነበሩም።

ሰዓቴ አልቋል፣ አስተባባሪዋ እያየችኝ ነው። ቡናው ከኋላ ቀርቧል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ላፕቶፕ ክፍት አድርጌያለሁ። የባንኩን መስኮት በአንዱ በሲምፓይ፣ በሌላው በጃምሲም ሠርቼዋለሁ። በአንዱ ላይ ሆን ብዬ ስህተት ቀብሬያለሁ፣ 12 አያመጣም። የቡና ሲኒያችሁን ይዛችሁ ኑና ፈልጉት። ላፕቶፑ ላይ ብቻ እንዳታፈሱብኝ። አመሰግናለሁ።